ብዕር ይዘው ዓባይን ለሚሻገሩ

አንባቢ ሆይ፥ እርስዎ ምናልባት ተማሪ ነዎት፤ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ሲያገላብጡ ይውላሉ። በመሳቢያዎ ውስጥ፥ ከደብዳቤው ግልባጭ በታች፥ ተጀምሮ ያልተፈጸመ ታሪክ ይኖር ይሆናል። እንዲህ ያለ መሳቢያ ያላቸው ሰዎች ብዙ መሆናቸውን አውቃለሁ። እኔ አስተማሪ ስለ ሆንሁ ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓት ደብተራቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ጥያቄያቸውም ዘወትር ሁለት ነው። አንደኛው «ታሪክ እንዴት ይጻፋል?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ደራሲነት እንጀራ ይሆናልን?» የሚል ነው።

እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ መመለስ ያስቸግራል። አንድ መንገድ ግን በመጠኑ ይመልሳቸዋል፤ ይኸውም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን በመሻገር ጎጃምን አቋርጦ የሚያልፈው መንገድ ነው። በዚህ መንገድ ዳርና ዳር የቅኔ ጉባኤዎች አሉ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለው ልብ ወለድ የሚነሣባቸው ከተሞችና ገጠሮች አሉ፤ የመንግሥት ሥራውን ሳይተው የጻፈውም፥ ትቶ የጻፈውም ደራሲ የተወለዱት በዚሁ አገር ነው። ስለዚህ ዛሬ አብረን እንድንጓዝ እጋብዝዎታለሁ።

አስቀድሞ ግን አንድ ነገር መናገር ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ ተቋርጧል። ለመሄድ የሚያስብ ሰው የመንገዱን ደኅንነት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ መሄድ ያልተቻለው ደግሞ መጽሐፉን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከቤቱ ይከተለን።

ከእንጦጦ ጀርባ እስከ ዓባይ በረሃ

መኪናው የእንጦጦን ጋራ አልፎ ሱሉልታ ሲገባ ሜዳው ይዘረጋል። ከዚያ በኋላ ጫንጮና ፍቼ፥ ገብረ ጉራቻና ጎሐ ጽዮን በየተራ ያልፋሉ። ይህ የሰላሌ አገር ነው፤ ደጋ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ነፋሱ ፊት ይቆርጣል። መንገደኛው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይቀመጣል፤ መስኮት የከፈተ ሰው እንደ ሆነ ከኋላ ያሉት ሁሉ ይቆጡታል።

ከጎሐ ጽዮን በኋላ ምድሩ በድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል። መኪናው እየተጠማዘዘ ከአንድ ሺህ ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ይወርዳል። በመንገዱ ዳር ዝንጀሮዎች ተቀምጠው መኪናውን ያያሉ። ግራር ይበዛል፤ አየሩ ይሞቃል፤ አፍንጫ ላይ የነበረው ጋቢ ቀስ በቀስ ወደ ትከሻ፥ ከትከሻም ወደ ጭን ይወርዳል። ቅድም መስኮቱን ዝጋ ብሎ የተቆጣው ሰው አሁን ክፈት ብሎ ይቆጣል። ከታች፥ ወንዙ ላይ፥ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው ድልድይ አለ።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ትምህርት ልብ ይበሉ። ተማሪዎቼ ስለ አንድ ስፍራ ሲጽፉ «የቦታው አቀማመጥ እጅግ ውብና ማራኪ ነበር» ይላሉ። ይህ ዐረፍተ ነገር ስለ ዓባይ በረሃም፥ ስለ ላንጋኖም፥ ስለ ማናቸውም ስፍራ ሊነገር ይችላል፤ ስለዚህ ስለ ምንም አልተነገረም ማለት ነው። የጋቢው ከአፍንጫ ወደ ጭን መውረድ ግን የዓባይ በረሃ ብቻ ነው። አንባቢው ሙቀቱን የሚያምነው ጸሐፊው «ይሞቅ ነበር» ስላለው አይደለም፤ ሰውየው ልብሱን ሲያወልቅ ስላየ ነው። ስፍራን መግለጽ የሚፈልግ ጸሐፊ ስፍራው በሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ ይመልከት። ዛፉንም «ዛፍ» ብሎ አይለፈው፤ ግራር፥ ዋንዛ፥ ብሳና፥ ወይራ፥ ባሕር ዛፍ እያለ በስሙ ይጥራው። ስሙን ካላወቀ በአጠገቡ የተቀመጠውን ባላገር ይጠይቅ፤ ባላገር ስለ ዛፍ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

የቅኔ ጉባኤ

ዓባይን ተሻግረን ደጀን ከወጣን በኋላ መንገዱ ይከፈላል። አንደኛው ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያቀና ሁለተኛው በብቸና በኩል ይሄዳል። በብቸና በኩል ታላላቆቹ የትምህርት አድባራት ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ወርቅ ይገኛሉ፤ ከደብረ ማርቆስ በስተ ምዕራብ ደግሞ ደብረ ኤልያስ አለ። ጎጃም የቅኔ አገር የሚባለው ያለ ምክንያት አይደለም። ከታወቁት የቅኔ ስልቶች መካከል ጎንጅና ዋሸራ ስማቸውን ያገኙት በጎጃም ካሉ ስፍራዎች ነው፤ ዋድላ የወሎ ነው።

እኛ በዘመናዊ ትምህርት ቤት የተማርን ሰዎች «የድርሰት አጻጻፍ ትምህርት ከፈረንጅ አገር የመጣ ነው» ብለን እንገምታለን። ነገር ግን የቅኔ ቤት ከዘመናዊው ትምህርት ቤት በፊት ለረጅም ዘመን ሰውን አዲስ ነገር እንዲደርስ ሲያስተምር የኖረ ነው። አሠራሩን እንመልከት።

ተማሪው መጀመሪያ ግሱንና አገባቡን ይማራል። ከዚያ በኋላ ከጓደኞቹ ተለይቶ ወደ ጫካ ወይም ወደ አንድ ዛፍ ሥር ይሄድና ለብቻው ቅኔ ይቆጥራል። ሲጨርስ ተመልሶ በየኔታ ፊት ቆሞ ይነግራል። የኔታም ያርሙታል፤ ቃሉ የተሰበረ እንደ ሆነ ያቃኑታል፤ ምሥጢሩ የደከመ እንደ ሆነ ይመልሱታል። በማግስቱ ደግሞ የትናንቱን ይዞ አይመጣም፤ የተነገረ ቅኔ ስለማይደገም አዲስ መቁጠር አለበት። የሚጀምረውም ከትንሹ ነው፤ ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ናት። ስምንት ቤት ያለው መወድስ የሚመጣው በየደረጃው አልፎ ነው።

ከዚህ የሥራ ልማድ ለልብ ወለድ ጸሐፊ የሚሆን ሦስት ነገር ይገኛል። አንደኛ፥ ለብቻ የሚቀመጡበት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ወሬ እየሰሙ ቅኔ አይቆጠርም። ሁለተኛ፥ የተጻፈውን ለሚያርም ሰው ማሳየት ያስፈልጋል። የሚያርመው ሰው የሚያደንቅዎ ዘመድ አይሁን፤ ቢያንስ ሁለት ስሕተት ሳያገኝ ደብተርዎን የማይመልስ ሰው ይሁን። ሦስተኛ፥ ከሁለት ቤት ይጀመር። ብዙ ወጣት የመጀመሪያ ሥራው አራት መቶ ገጽ ያለው ልብ ወለድ እንዲሆን ይመኝና በሠላሳኛው ገጽ ላይ ደክሞት ይተወዋል። ሦስት ገጽ ያላት፥ መጀመሪያና መጨረሻ ያላት አጭር ታሪክ ግን ተፈጽማ ትታረማለች፤ ከተፈጸመች ሥራም ካልተፈጸመች ሥራ ይልቅ ብዙ ይማራሉ።

ሰምና ወርቅም ከዚሁ ቤት የወጣ ነው። አንጥረኛው በሰም ቅርጹን ይሠራል፤ በጭቃ ይሸፍነዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በስፍራው ወርቁን ያፈስሳል። በታሪክም እንዲሁ ነው። ሁለት ሰዎች ስለ ከብት ዋጋ ሲከራከሩ እንሰማለን፤ የሚከራከሩት ግን ስለ ልጃቸው ጋብቻ ነው። የከብቱ ዋጋ ሰሙ፥ ጋብቻው ወርቁ ነው። ወርቁን ሳይሸፍን በቀጥታ የሚናገር ታሪክ ስብከት ይሆናል፤ ወርቅ የሌለው ሰም ደግሞ ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አንባቢ ሆይ፥ የቅኔ ተማሪን ኑሮ ግን አናሳምረው። ደበሎ ለብሶ፥ በጭቃ ጎጆ አድሮ፥ በየደጁ ቁራሽ ለምኖ፥ ከውሻ ጋር እየታገለ ነው የሚማረው። ትምህርቱ ረጅም፥ ረኃቡም እውነተኛ ነው። ይህን የምናገረው ረኃብ ደራሲ ያደርጋል ለማለት አይደለም። ረኃብ ብዙ ተማሪ ከትምህርቱ አስቀርቷል። ጉዳዩን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ደብረ ማርቆስ፤ ደራሲውና ሥራው

ደብረ ማርቆስ ከአዲስ አበባ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ቀድሞ መንቆረር ትባል ነበር፤ የዛሬ ስሟን ያገኘችው ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ካሠሩት ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሰው ወደዚህ አገር ሲገባ የፊታውራሪ መሸሻን አጥር ግቢ በዓይኑ መፈለጉ አይቀርም። ፊታውራሪው በወረቀት ላይ የተፈጠሩ ሰው መሆናቸውን እያወቀ እንኳ ይፈልጋል። ደራሲ በአንድ አገር ላይ ሊያደርገው የሚችለው ነገር እንዲህ ያለ ነው።

ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ የተወለዱት በ1902 ዓ.ም. በዚሁ በደብረ ማርቆስ አካባቢ፥ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት በተባለ ስፍራ ነው። በደብረ ኤልያስ፥ በደብረ ወርቅና በዲማ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረዋል፤ ቀጥሎም ዘመናዊውን ትምህርት ተምረው በጎጃም አስተማሪ ሆነው ሠርተዋል። በጣልያን ወረራ ጊዜ ዘምተው ተማረኩና ወደ ጣልያን አገር ተግዘው ለዓመታት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ በኢየሩሳሌም፥ በዋሽንግተን፥ በኒው ዮርክና በለንደን በዲፕሎማትነት አገልግለዋል፤ የትምህርት ሚኒስትርም ነበሩ። ያረፉት በ1996 ዓ.ም. ነው።

አሁን የመጻሕፍቱን ዓመት እንቁጠር። «ተረት ተረት የመሠረት» የታተመው በ1948 ዓ.ም. ነው፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም.፤ «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974 ዓ.ም.። እንግዲህ አስቀድመው የጻፉት ትንንሾቹን ተረቶች ነው። ታላቁ ልብ ወለድ የወጣው ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ ደራሲው ሃምሳ አምስት ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ከጉባኤ ቃና ወደ መወድስ የሚወስደው መንገድ ይኸው ነው። ይህን ሁሉ ጊዜ ደግሞ የመንግሥት ሥራ ሲሠሩ ነበር።

ይህን የምቆጥረው በሃያ ሦስት ዓመቱ «ጊዜ አለፈብኝ» እያለ የሚተክዝ ወጣት ብዙ ስላየሁ ነው። ጊዜ አላለፈበትም። ነገር ግን «ገና ብዙ ጊዜ አለኝ» ብሎ ብዕሩን የሚያስቀምጥም ተሳስቷል፤ ምክንያቱም ሐዲስ ዓለማየሁ ዐሥሩን ዓመት የቆዩት እጃቸውን አጣጥፈው አይደለም። በየአገሩ ሲዞሩም የልጅነት አገራቸውን አነጋገር አልረሱም። ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ጸሐፊ ከሁሉ በፊት ሊጠብቀው የሚገባ ስንቅ ይህ ነው።

መንኩሳ፤ ስለት የወለደው ታሪክ

ከደብረ ማርቆስ አልፈን ደምበጫንና ፍኖተ ሰላምን ትተን ወደ ቡሬ ስንሄድ መንኩሳን እናገኛለን። ታሪኩ የሚጀምረው በዚህች ስፍራ፥ ከበዛብህ ወላጆች ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ ቤት ነው። ብዙ መንገደኛ መንኩሳን በመኪና መስኮት አይቷት ያልፋል። ለጸሐፊ ግን ቆም ብሎ አንድ ጥያቄ የሚጠይቅባት ስፍራ ናት፤ ይኸውም «ይህን ሁሉ መከራ ያመጣው ማን ነው?» የሚለው ነው።

ጀማሪ ጸሐፊ መከራ ሲያስፈልገው ክፉ ሰው ይፈጥራል። መርዝ የያዘች የእንጀራ እናት ወይም ምቀኛ ጓደኛ ያመጣል፤ ታሪኩም በዚያ ሰው ክፋት ላይ ይንጠለጠላል። በበዛብህ ታሪክ ግን የመከራው ሥር የወላጆቹ ፍቅር ነው። ልጃቸው በሕይወት እንዲኖርላቸው ለእግዚአብሔር ተስለው ሰጡት። ስለቱ በጎ ነው፤ የተሳሉትም በጎ ሰዎች ናቸው። ልጁ አድጎ ሰብለ ወንጌልን ሲወድ ያ የፍቅር ስለት በፊቱ እንደ ግንብ ይቆማል። በሌላው በኩል ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻ የዘርና የማዕረግ ኩራት ይቆማል። ወጣቱ በነዚህ በሁለቱ መካከል ተጨነቀ። አንባቢው የሚያዝነውም አንዱን ብቻ ይዞ «አጥፊው እሱ ነው» ብሎ መፍረድ ስለሚያቅተው ነው።

ስለዚህ ታሪክዎ ሲቆምብዎ አዲስ ክፉ ሰው ፍለጋ አይሂዱ። በታሪኩ ውስጥ ያሉት ደግ ሰዎች ምን ቃል እንደ ገቡ ይጠይቁ። ሁለት በጎ ቃሎች የሚጋጩበት ስፍራ ከተገኘ ታሪኩ ራሱ መሄድ ይጀምራል።

ሁለተኛው የመንኩሳ ትምህርት ስለ አነጋገር ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ባለማዕረጉ እንደ ባለማዕረግ፥ ካህኑ እንደ ካህን፥ ባላገሩ እንደ ባላገር ይናገራል። ከሁሉም ተለይቶ ደግሞ ጉዱ ካሣ አለ፤ የዘመኑን ሥርዓት ስለሚነቅፍ እንደ እብድ የተቆጠረ ሰው ነው። ደራሲው መናገር የፈለገውን ብዙ ነገር የሰጠው ለእሱ ነው፤ ነገር ግን ጉዱ ካሣ የሚናገረው በራሱ ምላስ ነው። አንድ ፈተና ልስጥዎ፦ ከጻፉት ጭውውት የተናጋሪዎቹን ስም ሰርዘው ለሌላ ሰው ያንብቡለት። ማን እንደ ተናገረ መለየት ካልቻለ ሁሉም የሚናገሩት በእርስዎ አፍ ነው ማለት ነው።

ጮክ ብሎ ማንበብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለመረዳት ወጋየሁ ንጋቱ ይህን መጽሐፍ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተረከውን ማስታወስ ይበቃል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ያወቀው በዚያ ድምፅ ነው። ለጆሮ የማይመች ዐረፍተ ነገር ለዓይንም አይመችም።

አቸፈርና የእንጀራው ነገር

መንገዱ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ወደ ባሕር ዳር ሲያመራ ከዳንግላ ባሻገር የአቸፈርን አገር እናገኛለን። አቤ ጉበኛ የዚህ አገር ልጅ ነው። እሱም በቤተ ክህነት ትምህርት አድጎ ወደ አዲስ አበባ መጣ፤ በጋዜጠኝነትና በመንግሥት ሥራ ቆየ። ከዚያ በኋላ ግን ሥራውን ትቶ በብዕሩ ብቻ ለመኖር ቆረጠ። በ1955 ዓ.ም. የወጣው «አልወለድም» ታገደ፤ እሱ ግን መጻፉን አልተወም። ልብ ወለድ፥ ግጥምና ተውኔት እያከታተለ አሳተመ። በ1972 ዓ.ም. ሲያርፍ ሃምሳ ዓመት አልሞላውም ነበር።

እንግዲህ ከአንድ አገር የወጡ ሁለት መንገዶች በፊታችን አሉ። ሐዲስ ዓለማየሁ ደመወዝ እየተቀበሉ ጥቂት መጻሕፍት በረጅም ጊዜ ጻፉ። አቤ ጉበኛ ደመወዙን ትቶ ብዙ መጻሕፍት በጥቂት ዓመታት ጻፈ። ሁለቱም ደራሲ ናቸው፤ የከፈሉት ዋጋ ግን ለየቅል ነው። «የትኛውን ልከተል?» ብለው ቢጠይቁኝ የምሰጥዎ መልስ የቅኔ ተማሪውን ረኃብ ያስታወሰ ነው፤ ደመወዝዎን አይተዉ።

ምክንያቱን በግልጽ ልንገርዎ። በአገራችን ብዙ ደራሲ የማሳተሚያውን ገንዘብ ከራሱ ኪስ ወይም ከብድር አውጥቶ ነው መጽሐፉን የሚያወጣው። መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ሲወጣ አከፋፋዩና ሻጩ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ የወረቀት ዋጋ ይጨምራል፤ ያልተሸጠው ክምር በደራሲው አልጋ ሥር ይከማቻል። በልቶ ለማደር መጽሐፉ ቶሎ መሸጥ ያለበት ሰው ያልበሰለውን ለማውጣት ይገደዳል። ደመወዝ ያለው ሰው ግን «ገና አልበሰለም» ብሎ የማቆየት ነፃነት አለው። ይህ ነፃነት ከገንዘቡ ይበልጣል።

ሆኖም መሥሪያ ቤቱን ምክንያት አድርጎ አለመጻፍ ደግሞ ሌላ ሞት ነው። በሳምንት ሁለት ገጽ ብቻ የሚጽፍ ሰው በዓመት ውስጥ ከመቶ ገጽ በላይ ይኖረዋል። መሥሪያ ቤቱም ራሱ ትምህርት ቤት ነው። ማመልከቻ ይዞ ለሦስተኛ ጊዜ የተመለሰውን ባላገር፥ ማኅተም የሚያዘገየውን ሹም፥ ደመወዝ በወጣ ዕለት በቡና ቤት የሚነገረውን ቀልድ በየቀኑ የሚያየው ከእርስዎ በቀር ማን ነው? የሚያዩትን በኪስ ደብተር ያስፍሩ፤ የሰዎቹን ስምና ምሥጢር ግን ይጠብቁ።

የሥራዎን መብትም ይወቁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላም ለሃምሳ ዓመት ይጠብቃል፤ መብቱን ለሌላ ማስተላለፍም በጽሑፍ እንዲሆን ያዝዛል። ስለዚህ ከአሳታሚም ሆነ ከሬዲዮ ጣቢያ ጋር በቃል አይዋዋሉ። ስንት ቅጂ፥ ለስንት ጊዜ፥ በስንት ክፍያ የሚለው በወረቀት ላይ ይስፈር። ወዳጅነት ጥሩ ነው፤ ውል ደግሞ ወዳጅነትን ይጠብቃል።

የራስዎ መንኩሳ

ጎጃምን የመረጥሁት ታሪክ የሚገኘው በጎጃም ብቻ ነው ለማለት አይደለም። መንኩሳ አንድ ደራሲ በደንብ እስኪያያት ድረስ እንደ ሌላው ሁሉ የገጠር ስፍራ ነበረች። ተማሪዎቼ ግን የሚያውቁትን የአያታቸውን ቀዬ ትተው ስሙ ስለማይታወቅ ከተማና ስለ አንድ ትልቅ ሆቴል ይጽፋሉ። «ለምን?» ስላቸው «የእኛ አገር ታሪክ አይሆንም» ይሉኛል።

ይሆናል። አንባቢ ሆይ፥ እርስዎም ያደጉበት ቀበሌ፥ የተማሩበት ትምህርት ቤት፥ በየቀኑ የሚወርዱበት የአውቶቡስ ማቆሚያ አለ። በዚያ የሚኖር አንድ ሰው ይምረጡና በፍቅር የገባውን ቃል ይፈልጉ። ቃሉ ከምን ጋር እንደሚጋጭ ይጠይቁ። ከዚያ በሦስት ገጽ ጽፈው ይፈጽሙት፤ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ለሚያርም ሰው ያሳዩት። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ የተነገረ ቅኔ አይደገምምና ሌላ አዲስ ይጀምሩ። መሳቢያው የሚከፈተው በዚህ ዓይነት ነው።